«እወድሃለሁ» ወይስ «እወድሻለሁ»፦ ስለ ሁለት ሴት የባሕር ወንበዴዎች የሚያስቅ የፍቅር ልቦለድ ለምትጽፍ እህት

ጥያቄው፦ «የመጀመሪያ ልቦለዴን እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ በ1720 እ.ኤ.አ. በካሪቢያን ባሕር ላይ ስለነበሩት አን ቦኒና ሜሪ ሪድ ነው። የሚያስቅ የፍቅር ታሪክ እንዲሆን ፈልጌያለሁ፤ ሜሪ ወንድ መስላ ትኖራለች፣ አን ትወዳታለች፣ በኋላ ምስጢሩ ይወጣል። ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ ሦስት ነገር አለኝ። ሴት መርከብ ላይ ተደብቃ መኖር አትችልም፤ በወንበዴ መቀለድ ነውር ነው፤ ሐበሻ የሌለበትን ታሪክ ማን ያነብልሻል። የቱን ልቀበለው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጓደኛሽ በመጀመሪያው ነገር በግማሹ ልክ ነው፤ ልክ የሆነበት ምክንያት ግን እሱ ያሰበው አይደለም። ለዓመታት የባሕር ታሪክ ሳነብ ኖሬ አሁን የሰው ልቦለድ በማረም እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ስለ እነዚህ ሁለት ሴቶች የተጻፈ ረቂቅ በመጣልኝ ቁጥር አንድ ትዕይንት እጠብቃለሁ። ሜሪ በጨረቃ ብርሃን የሸሚዟን ቁልፍ ትፈታለች፣ የሚያያት ሰው አፉን ከፍቶ ይቀራል፣ ምዕራፉ ያልቃል። ያንቺም ውስጥ አለ ብዬ ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ወረቀቱ ምን እንደሚል እንይ። ስለ አንና ሜሪ የሚወራው አብዛኛው ነገር ከሦስት ምንጭ የተቀዳ ነው። አንደኛው የባሃማስ አገረ ገዢ ዉድስ ሮጀርስ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1720 ያስነገረው አዋጅ ነው። ሁለተኛው ኖቬምበር 28 ቀን 1720 ጃማይካ ውስጥ ስፓኒሽ ታውን ላይ የተሰየመው ችሎት መዝገብ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ታትሟል። ሦስተኛው በ1724 ለንደን ላይ «ካፒቴን ቻርልስ ጆንሰን» በሚል የብዕር ስም የወጣው የወንበዴዎች ታሪክ ነው። ሜሪ ከልጅነቷ ጀምሮ ወንድ ሆና ማደጓ፣ ፍላንደርስ ውስጥ ወታደር ሆና መዝመቷ፣ አብሯት የሚያድረውን ወታደር ወዳ ማግባቷ፣ ብሬዳ አጠገብ መጠጥ ቤት መክፈቷ፣ ከዚያም አን እሷን ወንድ መስላት መውደዷ፣ ይህ ሁሉ የመጣው ከሦስተኛው ነው። ጸሐፊው ገበያውን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ሁለቱ ቀዳሚ ወረቀቶች ግን ስለ መደበቅ ምንም አይሉም። የወንበዴዎቹ አለቃ ጆን ራካምና ጓደኞቹ ኦገስት 22 ቀን ከባሃማሱ ናሳው ወደብ ዊልያም የምትባለውን መርከብ ሰርቀው ወጡ። ልክ በሁለት ሳምንቱ አገረ ገዢው የሌቦቹን ስም ሲዘረዝር ሁለቱን ሴቶች ሴት ብሎ፣ በስማቸው ጠርቶ ነው ያወጃቸው። ወሬው የቦስተን ጋዜጣ ላይ እስከ መውጣት ደርሷል። ችሎቱ ላይ የቀረቡ ሁለት ፈረንሳውያን ምስክሮች ደግሞ ከዚህም የሚያስቅ ነገር ተናገሩ። ሴቶቹ የሚያባርሩት ወይም የሚያጠቁት መርከብ ሲያዩ የወንድ ልብስ ይለብሳሉ፤ ሥራ በማይኖርበት ጊዜ የሴት ልብሳቸውን ለብሰው ይውላሉ።

አየሽ? የወንዱ ሱሪ መደበቂያ አልነበረም፤ ቱታ ነበር። ወደ ሥራ ሲገባ ይለበሳል፣ ሥራው ሲያልቅ ይወልቃል።

ዶሮቲ ቶማስ የምትባል ሴት ምስክርነቷን ስትሰጥ ነገሩን ጨረሰችው። ስንቋን ጭና በታንኳ ስትቀዝፍ ነው የያዟት። የወንድ ጃኬትና ረጅም ሱሪ ለብሰው፣ ራሳቸውን በመሐረብ አስረው፣ እያንዳንዳቸው ቆንጨራና ሽጉጥ ይዘው እንዳየቻቸው ተናገረች። ሴት መሆናቸውን በምን አወቅሽ የሚለው ነገር ሲነሳ በጡታቸው ትልቅነት አለች፤ ይህ በመንግሥት ወረቀት ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ጨረቃና የሸሚዝ ቁልፍ አላስፈለጋትም።

ስለዚህ ለጓደኛሽ «አልተደበቁም» ብለሽ መልሽለት። ሴት ጨርሶ መደበቅ አትችልም ማለቱን ግን አትቀበዪው። ሐና ስኔል በ1747 ጄምስ ግሬይ ተብላ በእንግሊዝ የባሕር ወታደሮች ዘንድ ተቀጥራ እስከ ሕንድ ሄዳለች፣ ቆስላለች፤ በ1750 ራሷ እስክትናገር ድረስም ቆይታ በኋላ ጡረታ ተቆርጦላታል። ያ ግን ብዙ መቶ ሰው የሚኮለኮልበት፣ ማንም ማንንም ልብ የማይልበት የጦር ኃይል ነው። ዊልያም ግን በአዋጁ ላይ እንደተጻፈው 12 ቶን ገደማ የምትጭን፣ 4 ትልልቅና 2 ትንንሽ መድፍ ያላት፣ ባለ አንድ ደቀል (የሸራ ምሰሶ) መርከብ ናት። ርዝመቷ በግምት ከአንድ የከተማ አውቶቡስ አይበልጥም። እዚያ ላይ ከአሥር በላይ ሰው፣ ባሩድ፣ የውኃ በርሜል፣ ገመድና ሸራ ተጨናንቆ ይኖራል። ሽንት የሚሸናው ከጎን ተንጠልጥሎ ነው። በዚህ ውስጥ ማን ከማን ምን ይደብቃል?

ፍቅርሽም ቀልድሽም ከዚሁ ጥበት መውጣት አለበት ባይ ነኝ። ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ሊነካኩ ሲሉ ስንት ጆሮ እንደሚሰማቸው አስቢ። «ትንሽ ብቻችንን እንሁን» የሚል ሰው ያለው አማራጭ ደቀሉ ላይ መውጣት ወይም ባሕር ውስጥ መግባት ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም አላየሁም ይላል፤ በጋራ ግቢ ያደገ አንባቢ ይህን ማስረዳት ሳያስፈልገው ይስቃል።

አሁን የረቂቅሽን ልብ የሚነካ ነገር ልንገርሽ። ይህ ታሪክ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ በአማርኛ ስትጽፊው ግን እነሱ የሌላቸው ችግር፣ ደግሞም እነሱ የሌላቸው ሀብት አለሽ። እንግሊዝኛ «አንተ» እና «አንቺ»ን አይለይም፤ አን ለሜሪ ፍቅሯን ስትገልጽ የሜሪን ፆታ መጥራት አይጠበቅባትም። በእኛ ቋንቋ ፆታ ሳይመርጡ ፍቅርን መናገር አይቻልም። ወይ እወድሃለሁ ነው፣ ወይ እወድሻለሁ። ሦስተኛ መንገድ አለ ከተባለ «እወድዎታለሁ» ነው፤ ያንን የሚል ወንበዴ በሳቅ ነው የሚገድልሽ።

ተራኪሽም አያመልጥም። «መርከበኛው» ካለ ዋሸ፣ «መርከበኛዋ» ካለ ምስጢሩን አወጣ። «መጣ» እና «መጣች» በየዐረፍተ ነገሩ ይጠብቁታል። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ይህን ለማምለጥ በስም እየደጋገመ ይሸሻል፤ «ሜሪ» የሚለውንም ትቶ «ወጣት ባሕረተኛ» ይላል፣ በአሥረኛው ገጽ አንባቢው ይነቃበታል። እኔ የምመክርሽ ተራኪሽ ከመጀመሪያው መስመር «እሷ» እንዲል ነው። አንባቢ ይወቅ። የማያውቅ ካለ መርከቡ ላይ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሳቁ ያለው እሱ ላይ ነው።

ሀብትሽን ደግሞ ተመልከቺ። አንደኛ መደብ ፆታ የለውም። «ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ አልፈራም፣ እኔ እሄዳለሁ» ሜሪ ዕድሜዋን ሙሉ ስለ ራሷ ስታወራ አንድም ውሸት ሳትናገር መኖር ትችላለች። የሚዋሹት እሷን የሚጠሯት ሰዎች ናቸው። «እናንተ» ውስጥም መደበቅ ይቻላል። «እርስዎ» ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ጉድጓድ ነው። የተጠራጠረ ሰው፣ ብሳሳት ቆንጨራ ይጠብቀኛል ብሎ የፈራ ሰው፣ ድንገት ተራውን መርከበኛ «እርስዎ» ማለት ቢጀምርስ? መርከቡ በሙሉ ይህ ሰው ምን ነክቶት ነው እንዲህ ጨዋ የሆነው እያለ ይጨነቃል። ካፒቴኑን «አንተ» እያለ ተራዋን ሜሪን «እርስዎ» ይላታል።

ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። እናት ሴት ልጇን ስታቆላምጥ «አንተ» ትላለች፣ ወንዱን «አንቺ»። ወንዶች ጓደኛቸውን ሲያላግጡበትም «አንቺ» ይሉታል። ስለዚህ በመርከቡ ላይ አንዱ ሜሪን «አንቺ» ቢላት ሰደባት፣ አቆላመጣት ወይስ አወቃት? እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለሽ፤ በሌላ ቋንቋ የማይጻፍ ምዕራፍ። በጨረቃ የሚፈታውን ሸሚዝ ጣይውና በምትኩ አን አንድ ቀን ማለዳ፣ ዓሣ እየላጡ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ «ቢላውን አቀብዪኝ» ትበላት። «አቀብለኝ» ስትል የኖረች ሴት። ሜሪ ቢላውን አቀብላ ዝም ትበል። የምስጢሩ መውጣት ይህ ይሁን።

ከፍቅሩ ወደ አን ወዳጅ ልምጣ። ራካም «ካሊኮ ጃክ» በሚል ቅጽል ስም ይታወቃል፤ ከሕንድ የሚመጣ የጥጥ ልብስ ስለሚያዘወትር ነው። እኛ አቡጀዲ የምንለው የዚሁ የካሊኮ ዘመድ ነው። እስቲ «አቡጀዲው ጃክ» ብለሽ ጥሪው፤ ያ ሁሉ ግርማ በአንድ ጊዜ ይረግፋል። ሰውየው ራሱም ይረዳሻል። በኖቬምበር 1718 አለቃው ቻርልስ ቬን አንድ የፈረንሳይ የጦር መርከብ አልገጥምም ብሎ ሲሸሽ ሠራተኛው ፈሪ ብሎ በድምፅ ሻረውና ራካምን ካፒቴን አደረገው። በጀግንነት የተመረጠ ሰው ማለት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በጃማይካ ምዕራብ ጫፍ፣ ኔግሪል ላይ፣ ወንበዴ አሳዳጁ ካፒቴን ጆናታን ባርኔት መርከቡን አስጠግቶ ማን ናችሁ ብሎ ሲጠይቅ «ጆን ራካም፣ ከኩባ» የሚል መልስ መጣ። እጅ ስጡ ሲባሉ አንሰጥም ብለው አንድ ትንሽ መድፍ ተኮሱ። ባርኔት ሲመልስ የሸራቸው አግዳሚ እንጨት ተሰብሮ ሄደ፤ ወዲያው ማሩን አሉ። መዝገቡ ላይ ያለው ጦርነት ይኸው ነው፣ በዚህ አለቀ።

ጆንሰን ግን እዚህ ላይ ብዕሩን ይስላል። ወንዶቹ ወደ ታች ወርደው ሲደበቁ ሁለቱ ሴቶች ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከላይ ቀሩ፤ ሜሪ ወደ ታች እየጮኸች ወንድ ከሆናችሁ ውጡ አለች፣ እንቢ ሲሏት ወደ ዕቃው ክፍል ተኩሳ አንዱን ገደለች ይላል። የምትጠቀሚበት ከሆነ የእሱ መሆኑን አውቀሽ ተጠቀሚ። አን ራካምን ከመሰቀሉ በፊት «እንደ ወንድ ተዋግተህ ቢሆን ኖሮ እንደ ውሻ ባልተሰቀልክ» አለችው የሚባለውም ከዚያው ነው። ራካም የተሰቀለው ኖቬምበር 18 ነው፤ ሬሳው አላፊ መርከበኛ እንዲያየው ፖርት ሮያል አጠገብ ያለች ደሴት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ደሴቷ ዛሬም በስሙ ትጠራለች።

ስለ ዘረፋቸው አንድ ነገር ብቻ። ሣጥን ሙሉ ወርቅ እንዳታስገቢ። ክሱ የሚጀምረው ከዓሣ አጥማጆች ጀልባ በተወሰደ 10 ፓውንድ በሚያወጣ ዓሣና መረብ ነው። ከአንዲት መርከብ 50 ጥቅል ትምባሆና 9 ከረጢት የጃማይካ ቅመም ወሰዱ። ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ቅመም የጫነች፣ በማስነጠስ የምትናጥ የወንበዴ መርከብ፣ ከዚህ በላይ ለፍቅር የማይመች ቦታ ንገሪኝ። ኔግሪል ላይ የባሕር ኤሊ የሚያጠምዱ 9 ሰዎችም ነበሩ። ፓንች እንጠጣ ተብለው ተጋብዘው የራካም መርከብ ላይ ወጡ። ባርኔት ደረሰ፣ አብረው ተያዙ፣ ጃንዋሪ 1721 ላይ ተፈረደባቸው፣ ስድስቱ ተሰቀሉ። ለአንድ ብርጭቆ ሩምና ሎሚ። መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ፣ ከዚያ አፍሬያለሁ፤ ልቦለድሽ አንባቢውን እንዲህ ቢያደርገው ደስ ይለኛል።

ይህ ወደ ጓደኛሽ ሁለተኛ ነገር ያመጣናል። በወንበዴ መቀለድ ነውር አይደለም፤ ወንበዴን ማጠብ ነው ነውሩ። ከላይ የጠራኋት ዶሮቲ ቶማስ የተናገረችው ሌላም ነገር አለ። ሁለቱ ሴቶች ወንዶቹን እየሰደቡ ይህችን ሴት ግደሏት፣ ኋላ መጥታ እንዳትመሰክርብን ብለዋል። ወንዶቹ አልገደሏትም። መጥታም መሰከረች። አንባቢሽ በምዕራፍ ሦስት ያፈቀራት ሜሪ በምዕራፍ ሰባት ይህን ትላለች። ጀማሪ ጸሐፊ ይህን ቆርጦ ይጥለዋል፣ ወይም በክፉ ወንድ አፍ ያደርገዋል። አትቁረጪው። «ወንዳወንድ» የሚለው ቃል ብቻውን ገጸ ባሕርይ አይሆንም፤ ሱሪ የታጠቀች፣ የምትሳደብ፣ ልቧ ግን እንደ ማር የሆነች ጀግና በዝታብናለች። ቶማስ ዲሎን የተባለ ሌላ ምስክር አን ጠመንጃ ይዛ እንደነበር፣ ሁለቱም አፋቸው እንደማይገደብና ለማንኛውም ሥራ ፈቃደኛ እንደነበሩ ተናግሯል። አንደኛው ፈረንሳዊ ደግሞ አን ባሩድ ስታቀብል አይቷል። እነዚህ ሴቶች ሥራውን ይሠሩ ነበር። ከነሥራቸው ውደጃቸው።

ደግሞም 1720 ጃማይካ የስኳር አገር ናት፤ ከባሕሩ ዳር ያለው እርሻ በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት የሚታረስ ነው። የሚያስቅ ልቦለድ ይህን የማስተማር ግዴታ የለበትም፤ ግን ወደብ ላይ የወረደ ገጸ ባሕርይ አይቶት ማለፍ አይችልም። የማያይ ከሆነ እሱም የገጸ ባሕርይው ነውር ይሁን እንጂ ያንቺ አይሁን።

ለቀልድ የሚሆን ሌላ ጎተራ ላሳይሽ፤ ደንባቸው። የወንበዴ መርከብ መተዳደሪያ ደንብ ሳነብ ትዝ የሚለኝ የሰፈሬ ዕድር ነው። የዚያው ዘመን ወንበዴ በነበረው በባርቶሎሚው ሮበርትስ መርከብ ላይ እያንዳንዱ ሰው ድምፅ አለው፤ መብራት ከምሽቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ማለት በኛ ሁለት ሰዓት፣ ይጠፋል፤ በገንዘብ ቁማር ክልክል ነው፤ በሥራ ላይ እጅ ወይም እግሩን ያጣ 800 የስፔን የብር ገንዘብ ከጋራ ካዝና ይከፈለዋል፤ ሙዚቀኞቹ ሰንበት ያርፋሉ። ካፒቴኑና የሠራተኛው ወኪል የሚሆነው ኳርተርማስተር ሁለት ሁለት ድርሻ ይወስዳሉ። ይኸው ደንብ ሴት ወደ መርከብ ማምጣትን ከልክሎ፣ ሴት አታልሎ፣ አስመስሎ ያስገባ በሞት ይቀጣል ይላል። የሌላው ወንበዴ የጆን ፊሊፕስ ደንብ ደግሞ ጨዋ ሴት ስትገኝ ያለ ፈቃዷ ሊደርስባት የሞከረ ወዲያው ይገደል ይላል። የተጻፈው ሁሉ ይፈጸም ነበር አልልሽም። ለአስቂኝ ልቦለድ ግን ዋናው መጻፉ ነው። ስለ ፍቅር ጉዳይ ስብሰባ ተጠርቶ፣ እጅ ወጥቶ፣ ድምፀ ተአቅቦ ተመዝግቦ አስቢው። አንዱ «አጀንዳው ከዕቃ ክፍፍሉ በኋላ ይታይልኝ» ይላል። ካፒቴን በድምፅ ስለሚሾምና ስለሚሻር ደግሞ በአማርኛሽ «አንተ» ይባል፤ «እርስዎ»ን ለችሎቱና ለዚያ ለፈራው ሰውዬ አቆዪ።

ከጆንሰን ታሪኮች ውስጥ ግን አንዱን ሳትወስጂ እንዳትቀሪ። ሜሪ የወደደችው ወጣት ከአንድ ሌላ ወንበዴ ጋር ተጣልቶ ወደ ባሕር ዳር ወርደው ሊታኮሱ ቀጠሮ ያዙ። ልጁ እንዳይሞትባት ፈራች፤ ይቅርብህ ብላ እንዳታዋርደው ደግሞ ክብሩ አለ። ስለዚህ ከዚያው ሰው ጋር ራሷ ጠብ ፈለገችና ከልጁ ቀጠሮ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላ ተገናኝታ ገደለችው። ሴት የላከው ሞት አይፈራም የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ይገለበጣል፤ ሴቷ ራሷ ቀድማ ሄደች። ልጁ በሰዓቱ ለብሶ፣ ተናዞ፣ ገርጥቶ ይመጣና የሚዋጋው ሰው ያጣል። አመስግኗት ይሆን ተቀይሟት? እኔ ብሆን ሁለት ሳምንት አኮርፍ ነበር።

መጨረሻውን እንዴት ላድርገው ብለሽ መጨነቅሽ አይቀርም። እውነተኛው መጨረሻ የቀልድ ሰዓት አጠባበቅ ያለው ነው። ችሎቱ ሁለቱንም ጥፋተኛ ብሎ በስቅላት ፈረደ። ፍርዱ ተነብቦ ካለቀ በኋላ፣ ቀድመው አይደለም፣ ካለቀ በኋላ፣ ሁለቱም እርጉዝ ነን አሉ። በእንግሊዝ ሕግ እርጉዝ አይሰቀልም። ችሎቱ እንዲመረመሩ አዘዘ፣ ቅጣቱ ቆመ። ሜሪ ግን ከእስር አልወጣችም፤ ኤፕሪል 28 ቀን 1721 ተቀብራለች። የአን ዕጣ ከዚያ በኋላ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ያ ባዶ ገጽ ለአንቺ የተተወ ነው። የፍቅር ልቦለድ አንባቢ የሜሪን ሞት ይቅር እንዲልሽ ግን አንን ብቻዋን በደስታ አትሸኛት። ያንን «ቢላውን አቀብዪኝ» ይዛው ትሂድ።

ይህቺ መርከብ ጠባኝ ካልሽ ሌሎች አሉልሽ፤ በአጭሩ ልጥቀስ። የአየርላንዷ ግሬስ ኦማሌይ በ1593 ግሪንዊች ድረስ ሄዳ ከንግሥት ኤልሳቤጥ ጋር ፊት ለፊት ተነጋግራለች። አፈ ታሪኩ ደግሞ ሁለተኛ ባሏን ለአንድ ዓመት ሙከራ አግብታ ዓመቱ ሲሞላ ግንቡን ዘግታ ከላይ ሆና አሰናብቼሃለሁ ብላዋለች ይላል። የሞሮኮዋ ከተማ የቴቱዋን ገዢ ሰይዳ አል ሑራ በ1541 የፌዝን ሱልጣን ስታገባ እሷ ወደ እሱ አልሄደችም፤ እሱ ነው ወደ ከተማዋ የመጣው። ቻይናዊቷ ዠንግ ዪ ሳው፣ ስሟ ራሱ «የዠንግ ዪ ሚስት» ማለት ነው፣ ባሏ በ1807 ሲሞት መርከቦቹንም ባሏ በጉዲፈቻ ያሳደገውን ጀግናውን ዣንግ ባውንም ወሰደች፤ አገባችው። በ1810 የጦር መሣሪያ ሳትይዝ ሴቶችና ልጆች አስከትላ ካንቶን ገብታ ምሕረቷን ተደራደረች፤ በ1844 በዕድሜዋ ሞተች። ከሦስቱ እኔ የምመርጠው ሰይዳን ነው፤ ሙሽራው የሚጓዝበት የሠርግ ቀልድ ማንም ገና በደንብ አልነካውም።

የሐበሻው ጥያቄ። ዊልያም ላይ ሐበሻ አታስገቢ፤ የሚያምንሽ የለም፣ የሚፈልግሽም የለም። ሐበሻ ያለበት የባሕር ታሪክ ከፈለግሽ ባሕሩን ቀይሪ። ከቦምቤይ በስተደቡብ የጃንጂራ ደሴት ምሽግ ጌቶች ሲዲዎች ሐበሾች ነበሩ፤ የሕንዱ የሙጋል ንጉሠ ነገሥት የባሕር ኃይል አለቆች ሆነው አገልግለዋል፣ ሲዲ ያቁት በ1689 እና 1690 እንግሊዞቹን ቦምቤይ ውስጥ ከቦ አስጨንቋል፤ የማራታ ሕዝብ ንጉሥ ሺቫጂ ምሽጉን ደጋግሞ ቢሞክርም አልያዘውም። በ1695 ደግሞ እንግሊዛዊው ወንበዴ ሄንሪ ኤቨሪ የሙጋልን ሀብታም መርከቦች አድፍጦ የጠበቀው ባብ ኤል መንደብ ላይ ነው፣ በራችን ላይ ማለት ይቻላል። ሌላ ልቦለድ ነው፤ ሁለተኛው መጽሐፍሽ ይሁን።

ጓደኛሽ ካልተወሽ ግን አንድ እውነተኛ ክር አለልሽ። አንና ሜሪ የተፈረደባቸውን ችሎት የመራው የጃማይካው አገረ ገዢ ኒኮላስ ሎዝ ነው። ይኸው ሰው ከሥልጣን ወርዶ በ1728 ወደ ደሴቷ አንድ ተክል አስገብቶ በእርሻው ላይ ተከለ። ተክሉ ቡና ነው። ከእኛ ጫካ ወጥቶ፣ የመንን ዞሮ፣ ባሕር ተሻግሮ ጃማይካ የደረሰው ያ ቡና ማለቴ ነው። በ1728 አን ቦኒ ከእስር ወጥታ እዚያው ደሴት ላይ እየኖረች ነው እንበል፤ ልቦለድ ነው። አንድ ጠዋት አንድ ሰው የማታውቀውን ጥቁር መጠጥ በሲኒ ያቀርብላታል። ፉት ትላለች። ማን ተከለው ብላ ትጠይቃለች፣ ስሙ ይነገራታል። ሲኒውን ታስቀምጣለች ወይስ ሁለተኛ ትጠይቃለች? ይቺን ትዕይንት ካልወሰድሻት እኔ እወስዳታለሁ።